ሽብሩና አናቱ ያበጠው ጉማሬ

እናንተ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! መሳቅ የማይፈልግ ካለ ከአሁኑ ይውጣ።

ድሮ ድሮ፣ ሣር ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ትልቅ ግራር ነበረ። በግራሩ ላይ ከሣር ጎጆ እየጎነጎኑ የሚያንጠለጥሉ ሸማኔ ወፎች ይኖሩ ነበር። ከእነሱ መካከል ሽብሩ የሚባል፣ ላባው ገና ቢጫ መሆን የጀመረ፣ ድምፁ አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም የሚወጣ ጎረምሳ ነበረ።

የግራሩ ደንብ እንዲህ ነው። ጎረምሳ ሁሉ ክረምት ሳይገባ የራሱን ጎጆ ሠርቶ ያንጠለጥላል። ከዚያ እትዬ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት ወፍ ይመጡና ጎጆውን በመንቁራቸው ይዘው ይጎትታሉ። ጎጆው ከቻላቸው ጎረምሳው በግራሩ ላይ ይከርማል። ዝናብ እስኪጥል ደጋግሞ ሠርቶ ጎጆው ካልቻላቸው ግን ወርዶ እባብ በሚርመሰመስበት ቁጥቋጦ ውስጥ ይከርማል። ሽብሩ ደግሞ የእባብ ስም ሲነሳ ጭራው መንቀጥቀጥ የሚጀምር ፈሪ ነው!

አንድ ቀን ሣር ፍለጋ ወረደ።

«እኔን ውሰደኝ! እኔን!» አለ እርጥቡ ሣር። «ብታጥፈኝ እታጠፋለሁ፣ ብትጠመዝዘኝ እጠመዘዛለሁ!»

«አንተ አረንጓዴ ነህ፤ ከላባዬ ጋር አትሄድም» አለ ሽብሩና ወደ ደረቁ ሣር ዞረ። «አንተ ግን እንደኔ ቢጫ ነህ!»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ። ወገቤን ሲነኩኝ ቀጭ ነው የምለው» አለ ደረቁ ሣር።

ማን ይስማው? ሽብሩ ጎነጎነ፣ ጠለፈ፣ ዘፈነ። እትዬ ስንዱ መጥተው ገና ጫፉን ሲነኩት ጎጆው «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ይቅርታ፣ ቀጭ!» ብሎ አየር ላይ ተበተነ። ከሥር ወንዙ ውስጥ ተኝቶ የነበረው አያ ጉማሬ ላይ ብናኙ ወረደበት። አያ ጉማሬ አስነጠሰ። ግራሩ በሳቅ ፈነዳ።

በማግስቱ ሽብሩ አፍሮ ወደ እርጥቡ ሣር ተመለሰ።

«ምን ብዬህ ነበር!» አለ ሣሩ በደስታ። «አሁንም ስማኝ፤ ከሁሉ በፊት እኔን ቅርንጫፉ ላይ ጥብቅ አድርገህ ቋጥረኝ። በእግርህ ርገጠኝ፣ በመንቁርህ ጎትተኝ። ግድግዳው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እሺ እሺ» አለ ሽብሩ። ግን ጓደኞቹ ጣራ ላይ ደርሰው ስላያቸው ቸኮለ፤ ቋጠሮውን እንደነገሩ አድርጎ አለፈው። ጎጆው ግን አማረ! በር አለው፣ ጣራ አለው። እትዬ ስንዱ አንዴ ጎተቱ።

«ቻልኩ!» አለ ጎጆው።

ሁለቴ ጎተቱ።

«ይልቀቁኝ! ኧረ አይልቀቁኝ!»

ሦስቴ ሲጎትቱ ቋጠሮው ተፈታና ጎጆው እንዳለ ወርዶ አያ ጉማሬ አናት ላይ ዷ! ልክ እንደ ቆብ ገጥሞት ቁጭ አለ። ከሳቁ ብዛት ሁለት ወፎች ከቅርንጫፋቸው ወደቁ።

ሽብሩ ግን አልሳቀም። ወንዙ ዳር ወርዶ አለቀሰ። ደመናው እየጠቆረ ነበር።

«በቃ፣ እኔ አልረባም። ቁጥቋጦው ውስጥ እገባለሁ፤ እባቡም ይብላኝ!» አለ።

አያ ጉማሬ ጎጆውን እንደደፋ ከውሃው ብቅ አለ።

«አንተ ነህ ጎጆ የምትጥልብኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ አያ ጉማሬ፤ ሁለተኛ አልሠራም።»

«አልሠራም? አብደሃል እንዴ! የመጀመሪያው ያስነጠሰኝ ብቻ ነው። ይኼኛው ግን እየው፣ አናቴን አሳብጦታል! ብጎትተው ብጎትተው አልላቀቅ አለኝ፤ ሚስቴ እንኳ በጥርሷ ሞክራ አቃታት። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሠራ ወፍ ቋጠሮ ያቅተዋል?»

ሽብሩ እንባውን በክንፉ ጠረገ።

«እውነት አሞዎታል?»

«በጣም!»

«በጣም በጣም?»

«ልጄ፣ እስካሁን ራሴን ያዞረኛል!»

ሽብሩ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አሟቸዋል! በጣም አሟቸዋል!» እያለ ወደ ግራሩ በረረ።

ሣሩን ረገጠ፣ ጎተተ፣ ቋጠረ። ላላበት፤ ፈታው። እንደገና ቋጠረ፤ አሁንም ላላበት፤ አሁንም ፈታው። ጓደኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲዘፍኑ እሱ ገና ቋጠሮው ላይ ነው።

«አነቅኸኝ!» ብሎ ጮኸ ሣሩ በመጨረሻ። «ጎበዝ! አሁን ግድግዳውን ጀምር!»

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ሲወርዱ እትዬ ስንዱ መጡ። ከታች አያ ጉማሬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ቀብሮ ይጠብቃል። አንዴ ጎተቱ፤ ጎጆው ዝም። ሁለቴ ጎተቱ፤ ጎጆው ዝም። በሦስተኛው ክንፋቸውን አጥፈው፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ተንጠለጠሉበት። ጎጆው ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛቸው፣

«ይጫወቱ እትዬ፣ ይጫወቱ! እኔ የትም አልሄድም!» አላቸው።

ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ሽብሩ ጎጆው ውስጥ ዘሎ ገባና በበሩ አንገቱን አወጣ።

«አያ ጉማሬ! አመመዎት?»

አያ ጉማሬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምንም አልወረደብኝም!» ብሎ እየሳቀ ውሃው ውስጥ ተንከባለለ።

ተረቱን እኔ አወረድኩ፣ እናንተ ተሸከሙት። እናም ጎረምሶች፣ የሠራችሁት ሲወድቅ የሚስቀውን ተዉትና የወደቀበትን ጠይቁት፤ ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ካመመው፣ እየቻላችሁበት ነው።