የተቀባው አጥርና ያዘነበለው ግድግዳ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ እንስሳት ተሰባስበው በሚኖሩባት አንዲት ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ግድግዳ ወደ ጎን አዘነበለ። ሰካራም ነው የሚመስለው። ነካ ብታደርጉት «ተዉኝ፣ እዚሁ ልተኛ» የሚላችሁ ዓይነት።

ግድግዳው የአቶ ከርከሮ ነው። አቶ ከርከሮ ወደ ቆላ ከወረደ ቆይቷል፤ እዚያ ሐብሐብ በሽ በሽ ነው ሲሉት በሩን እንኳን ሳይዘጋ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ጣሪያ ወደቀ፣ ግቢው ሳማ አበቀለ፣ አይጦች ሰርግ ደገሱበት። የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው። እሱም የሚያዘነብልበት አጥቶ ወደ እትዬ ዳለች ጋጣ አዘነበለ።

እትዬ ዳለች አህያ ናት፤ እርጉዝ አህያ። ሆዷ ከመክበዱ የተነሳ ስትተነፍስ እንኳን «እህህ» ትላለች። የምትወልደው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጎረቤቷ ደግሞ ብርቄ የምትባል ልጅ እግር ቀበሮ ናት፤ ብርቄን ከተማው የሚያውቃት በተንኮሏ ነው። የተኛች ኤሊ ጀርባ ላይ ጎመን የተከለች እሷ ናት። የአያ ጅቦ አጥንት ላይ ሚጥሚጣ የነሰነሰችም እሷ ናት። ማን ነው ይህን ያደረገው ሲባል ዓይኗን እያርገበገበች «እኔ? ኧረ እኔ የለሁበትም!» የምትለውም እሷው ናት።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ዳለች ጠራቻት።

«ብርቄ፣ ነይማ እዪልኝ። እስከ ሰሞኑ በዚህ ስንጥቅ ጆሮዬ አይገባም ነበር።»

«ዛሬስ?»

እትዬ ዳለች ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ሰደደችው። እስከ ሥሩ ገባ። የአህያ ጆሮ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አጭር አይደለም።

ብርቄ ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ለምክር ቤቱ አልተናገሩም?»

«ዓመት ሙሉ! 'ባለቤቱ የለም፣ የሰው ንብረት አንነካም' ይሉኛል። አንዴ ኮሚቴ ላኩልኝ። ኮሚቴው መጣ፣ ያቀረብኩለትን ገብስ ጠራርጎ በላ፣ 'በጣም አዘንብሏል' ብሎኝ ሄደ።»

«እስከዚያ ሌላ ቦታ ቢሄዱስ?»

«በዚህ ሆድ? ምንጭ ድረስ ለመሄድ እንኳን ስንት ቦታ ነው የምቀመጠው! ልጄ እዚሁ ነው የሚወለደው፣ ብርቄ። ብቻ ከግድግዳው ቀድሞ ይምጣልኝ።»

የብርቄ ጭራ መወዛወዙን አቆመ። የብርቄ ጭራ ከቆመ ወይ አሟታል፣ ወይ የሆነ ሰው ላይ ጉድ ሊፈላ ነው። ብርቄን ደግሞ አላመማትም።

የከተማዋ ምክር ቤት የሚሰበሰበው አንድ ግራር ሥር ነው። ግራሩ ላይ የድሮ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ሕጉ አጭር ነው፤ ቀንዱ የተሰቀለበት ቦታ እሱ ምክር ቤት ነው፤ ቀንዱ ከተነፋ ደግሞ የቦታው ችግር እልባት ሳያገኝ ማንም ንቅንቅ አይልም። ግራሩ ሥር ጥሩ ጥላ እንጂ ችግር ስለሌለ፣ ሕጉ እስከዛሬ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

ሰብሳቢው አያ ጅቦ ነው። (አዎ፣ ጅብና አህያ አንድ ከተማ ውስጥ! ጎረቤት አይበላም የሚል ሕግ አለ፤ አያ ጅቦም ሕጉን በየዓመቱ ምራቁን እየዋጠ ያነበዋል።) ያን ቀን አንድ ትልቅ አጥንት ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዞረ ስብሰባ ከፈተ።

«ጌታው አንበሳ ከተማችንን ሊጎበኙ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። የከርከሮን ፍርስራሽ እንዳያዩብን። አጥር ይታጠር።»

«አምናም ታጥሮ ነበር» አለች ብርቄ ከኋላ ሆና።

«የአምናውን ዝናብ ወሰደው።»

«የካቻምናውስ?»

«እሱንም ዝናብ ነው የወሰደው! አንቺ ልጅ ዝናብ አታውቂም እንዴ?»

የምክር ቤቱ ጸሐፊ አቶ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ዘንድሮስ ጠንከር ያለ የቀርከሃ አጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ቀለምም ይቀባ። የሚሠሩ ልጆች አሉኝ… ማለቴ፣ አሉ።»

ልጆቹ የእህቱ ልጆች መሆናቸውን ግራሩ ራሱ ያውቃል።

«ከየት ነው የሚከፈላቸው?» አለች ብርቄ።

«ከጋራ ጎተራው ነዋ!»

የጋራ ጎተራው ለክፉ ቀን ተብሎ ሁሉም ከየቤቱ እህል ያዋጣበት ነው። እትዬ ዳለችም አዋጥታበታለች፤ ያውም በጀርባዋ ተሸክማ።

«እና በዚያ እህል ግድግዳውን ማስደገፍ አይቻልም?»

«የሰው ንብረት!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ባለቤቱ በሌለበት የሰው ግድግዳ ይነካል?»

«ባለቤቱን ጠይቃችሁታል?»

አቶ ዝንጀሮ ብብቱን ማከክ ጀመረ። አያ ጅቦ ደመናውን አየ።

«ወደሚቀጥለው አጀንዳ» አለ በመጨረሻ።

የሚቀጥለው አጀንዳ ምሳ ነበር።

በማግስቱ አጥሩ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ረጃጅም ቀርከሃ፣ ላዩ ላይ ቀይ አፈርና ነጭ ኖራ። አያ ጅቦ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲያደንቅ ብርቄ ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ እንዴት ነው የሚያምረው! ግን…»

«ግን ምን?»

«አይ፣ ይቅር። እርስዎ ያውቃሉ።»

«ተናገሪ እንጂ!»

«አጥር አጥር ይላል። ጌታው አንበሳ 'ከኋላው ምን አለ?' ቢሉስ? በርና መስኮት ብንስልበት ግን ቤት ይመስላል። ትልቅ ቤት! ከዚያ 'ይህን የመሰለ ቤት ማን አሠራው?' ይላሉ። ያኔ እርስዎ ደረትዎን ነፋ አድርገው…»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። ሳያውቀው ነው።

«ሳዪበት!» አለ። «መስኮቱን አብዢው!»

ብርቄ መስኮቶች ሳለች፣ መጋረጃ ሳለች፣ አንዱ መስኮት ላይ አበባ ያለበት ማሰሮ ሳለች። ከሁሉም አስበልጣ የተጨነቀችው ግን ለበሩ ነው። ማንም ሳያያት የተሳለውን በር ቀርከሃ በአንድ በኩል ከአጥሩ ጋር ያሰረውን ልጥ ፈታች፤ አሁን በሩ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። በነጋታው ምክር ቤቱ በሙሉ አንበሳን ሊቀበል ወደ ከተማዋ ጫፍ ሲሄድ፣ የአጋዘኑን ቀንድ ከግራሩ አውርዳ በሩ ላይ ሰቀለችው።

አንበሳ መጣ። ትልቅ ነው፣ አርጅቷል፣ በየከተማው ቀለም ሲያሳዩት ኖሮ ሰልችቶታል። የተሳለውን ቤት ሲያይ ግን ቆም አለ።

«ይሄ ቤት አምና ነበር?»

«የዘንድሮ ነው፣ ጌታው» አለ አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ።

«ቀንዱም እዚህ ነው የተሰቀለው። አዲሱ የምክር ቤት አዳራሻችሁ ነው ማለት ነው?»

አያ ጅቦ ቀና ሲል ቀንዱን አየው። አቶ ዝንጀሮን አየ። አቶ ዝንጀሮ መሬት መሬቱን አየ። አዳራሽ አይደለም ካሉ ታዲያ ምንድን ነው ሊባሉ ነው።

«እ… አዎን፣ ጌታው!»

«ጎሽ! እንግዲያውስ አብሬያችሁ ልሰብሰብ» አለና፣ ማንም «ቆይ» ሳይለው ቀንዱን አንስቶ ነፋው። ከዚያ በሩን ገፋው። በሩ ተከፈተ።

ከውስጥ ሳማ። የወደቀ ጣሪያ። የሚራወጡ አይጦች። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ወደ ወዲያ አዘንብሎ ድንጋዩ እላያቸው ሊረግፍ የደረሰ ያ ግድግዳ።

«መጋረጃው የታለ?» አለ አንበሳ።

«ጌታው፣ ትንሽ… እድሳት ላይ ነው» አለ አቶ ዝንጀሮ።

«ቀንዱ ተነፍቷል። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ብርቄም ገብታ ከጎናቸው ተቀመጠች። አቶ ዝንጀሮ ሳማው ላይ ነው ያረፈው። የዝንጀሮ መቀመጫ ደግሞ ፀጉር የለውም። የሆነውን እናንተው አስቡት።

እሱ ሲጮህ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አንድ ረጅም ጆሮ ብቅ አለ።

«ይሄ የማን ጆሮ ነው?» አለ አንበሳ።

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ። «ዳለች እባላለሁ። ጋጣዬ ከዚህ ግድግዳ ሥር ነው። እባካችሁ ቀስ በሉልኝ፤ ሲጮህ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ እርጉዝ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ስብሰባው በሹክሹክታ ሆነ። ሰማዩ ግን ሹክሹክታ አያውቅም፤ አንዴ ጓ! ሲል ከግድግዳው ላይ አቧራ ረገፈ።

«ኮሚቴ ይቋቋም!» አለ አያ ጅቦ በሹክሹክታ። «ጸድቋል! እንነሳ!»

«ኮሚቴው እስኪጨርስ እዚሁ እንጠብቃለን» ብሎ አንሾካሾከ አንበሳ። «እኔ ቀጠሮ የለኝም።»

የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ ወረደ። ቀጥሎ ከግድግዳው አናት አንድ ድንጋይ ወረደ። ወርዶ ያረፈው አያ ጅቦ ፊቱ ያስቀመጣት አጥንት ላይ ነው። አጥንቷ ድቅቅ አለች።

«አጥንቴን!» አለ አያ ጅቦ ስብርባሪውን እየለቀመ። «ምን ዓይነት ግድግዳ ነው? እስከዛሬ እንዴት ዝም ተባለ?»

«የሰው ንብረት እኮ ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ብርቄ በለሰለሰ ድምፅ። «አይነካም።»

«የሰው ንብረት እኔ ላይ ሊወድቅ ነው እንዴ!»

«እትዬ ዳለች ላይ ዓመት ሙሉ ሊወድቅ ነበር።»

አያ ጅቦ ከስንጥቁ የወጣውን የእትዬ ዳለችን ጆሮ አየ። ጆሮዋ ይንቀጠቀጣል። አያ ጅቦ እንደምታውቁት ሆዳም ነው፣ ነገርም ቶሎ አይገባውም፤ ክፉ ግን አይደለም። ግድግዳውን ሥሩ ተቀምጦ አይቶት ስለማያውቅ ነው።

«ታዲያ… ምን ይሻላል?» አለ። ሰብሳቢ ከሆነ ጀምሮ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። «ጎተራው ውስጥ እንደሆነ ብዙ እህል የለም። አጥሩ ጨረሰው።»

«አጥሩ ቀርከሃ አይደል?» አለች ብርቄ። «ለታይታ ከሚቆም ለግድግዳው ይቁምለት።»

ምክር ቤቱ ተያየ። ማንም እጅ አላወጣም፣ ማንም አጀንዳ አላለም። ሁሉም ተነስቶ ወደ አጥሩ ሮጠ።

ለደቦ ማንም አልቀረም። አንበሳ በጋጣው በኩል ዞሮ ግድግዳውን በትከሻው ደግፎ ያዘ። አያ ጅቦ ቀርከሃውን በጥርሱ እየነቀለ አመጣ፤ እንዲህ ያለ መንጋጋ ለካ ለሥራም ይሆናል። የአቶ ዝንጀሮ የእህት ልጆች ቀርከሃውን በልጥ አሰሩ፣ ያውም በነፃ። አቶ ዝንጀሮ ራሱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሠራው፤ ለምን እንዳልተቀመጠ ታውቃላችሁ።

ግድግዳው ሲደገፍ አንበሳ ትከሻውን አራገፈና «ለመሆኑ ያን ቀንድ እዚያ የሰቀለው ማን ነው?» አለ።

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ።

«እኔ? ኧረ እኔ የለ…» ብርቄ የእትዬ ዳለችን ጆሮ አየችና አቆመች። «እኔ ነኝ።»

አንበሳ የሳቀው ሳቅ ግድግዳውን በድጋሚ ባነቃነቀው ነበር፤ ደግነቱ ቀርከሃው ያዘው። «ቅጣት ይገባሻል» አላት። «ስንጥቁ የሚደፈንበትን ጭቃ የምታቦኪው አንቺ ነሽ።»

ብርቄ እስከ ጭራዋ ጫፍ ጭቃ ሆነች። እትዬ ዳለች «እህህ» እያለች ከወዲያ ስትስቅ ይሰማል።

አቶ ከርከሮን የምትጠይቅ ርግብ ደግሞ ወደ ቆላ ተላከች። መልሱን ይዛ ስትመጣ ላባዋ በሐብሐብ ውሃ ተጨማልቋል። «ውሰዱት አለ» አለቻቸው። «ዝም ያልኩት የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እንጂ እኔ ቤቱን ምን አደርገዋለሁ፣ ብቻ ልጠይቃችሁ ስመጣ ማደሪያ አታሳጡኝ፣ አለ።»

ቤቱ ተጠግኖ ተከደነ። ዝናብ የያዘው መንገደኛ ሁሉ የሚጠለልበት ሆነ። ቀንዱም ግራሩ ላይ አልተመለሰም፤ ችግር ያለበት ቦታ ይሰቀላል። አሁን ወንዙ ዳር፣ የተሰበረው ድልድይ ላይ ነው ያለው፤ ምክር ቤቱም እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይሰበሰባል። እንዴት ያለ ፈጣን ምክር ቤት እንደሆነ ብታዩ!

ክረምቱም ገባ፣ ዶፉ ወረደ፣ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። እትዬ ዳለች በደረቅ ጋጣዋ ውስጥ ጆሮዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ውርንጭላ ወለደች። ከተማው ሁሉ ሊጠይቃት ጎረፈ። አያ ጅቦም ያለችውን ምርጥ አጥንት ለሕፃኗ ስጦታ ብሎ ይዞ መጣ። አህያ አጥንት አትበላም ሲሉት ትንሽ አሰበ፣ «እንግዲያው እንዳትባክን» አለና ራሱ ጎረሳት።

ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ምላሱ ወጣ፣ እያስነጠሰ ወደ ምንጩ ሮጠ።

«ብርቄ!» አለች እትዬ ዳለች።

«እኔ? ኧረ እኔ የለሁበትም!» አለች ብርቄ፣ መዳፏ ላይ የቀረውን ሚጥሚጣ እያራገፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ የተበላሸን ነገር በሚያምር አጥር ሸፍኖ ከውጭ ከማየት ይልቅ ገብቶ ሥሩ መቀመጥ መፍትሔውን ቶሎ እንደሚያመጣ ነው፤ ሳማው ላይ ብቻ እንዳትቀመጡ።