ሰባት በር ያለው ቦይ

አንድ ሰው ነበረ። ፈትለወርቅ፣ «ታላቅ ፕሮግራመር የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልዘለልኩትም፤ መልሱ ያለው እዚህ ሰው ዘንድ ነውና ስሚኝ።

ሰውየው ቦይ ቀያሽ ነበር። ዝናብ በሚያጥረው አንድ ቆላ አገር ወንዙን ጠልፎ ሰባት በር ያለው የመስኖ ቦይ ሠራ። ምን ያለ ቦይ! አንዱን በር ለመክፈት ሁለቱን መዝጋት፣ ሌላውን እስከ ግማሽ ማንሳት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የውሃ ተራ በደረሰ ቁጥር አገሩ ሁሉ «ኧረ ጥሩልን!» ይላል፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ይመጣል። ስሙ ሲጠራ መስማት ከጠላ በላይ ያሰክረው ነበር።

አንድ ቀን ሰርግ ተጠርቶ ራቅ ወዳለ መንደር ሄደ። የዚያን ቀን ተራው ደግሞ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ነበር። የዓመት ተስፋዋ ሁለት መደብ የሽንኩርት ችግኝ ነው፤ እሱም ጠውልጓል። ተራዋ ካለፈ እስከ ስምንት ቀን አይመለስም። ጨነቃትና እንደመሰላት አንዱን በር አነሳች። ውሃው ተንደርድሮ አንዱን መደብ ከነችግኙ ጠርጎ ወሰደው፤ ሌላውን አርጥቦት ብቻ አለፈ።

ሰውየው ሲመለስ ይህን ሰምቶ ጦፈ። «ማን ንኪ አለሽ? እኔን አትጠብቂም ነበር?»

ሴትዮዋ ከነጭቃዋ ቀና ብላ አየችው። «ጌታው፣ እኔ የፈለግሁት ውሃ ነው እንጂ አንቱን አይደለም» አለችው።

ሰውየው አፈረ። «እስቲ ከፊት ከፊቴ እየሄድሽ የቱ ጋ እንደጨነቀሽ አሳዪኝ» አላት። እሷ እየመራች እሱ ሲከተል፣ እሷ ግራ የተጋባችበት ቦታ ሁሉ እሱ የኮራበት ቦታ ሆኖ አገኘው።

ይኸኔ አካፋውን አነሳና የገዛ እጁን ሥራ ይደፍን ጀመር! አገሬው «አበደ» አለ። አምስቱን በር ደፈነ። ሁለቱን ትቶ፣ ማንም ሰው በሩን አብዝቶ ቢያነሳ ትርፉ ውሃ ወደ ወንዙ የሚመለስበት ማፍሰሻ ቀደደለት።

በስምንተኛው ቀን የሴትዮዋ ተራ ደረሰ። የተረፈው መደብ ያን ቀን ካልጠጣ አለቀለት። ሰውየው ዛፍ ሥር ሆኖ ጠበቀ፤ ማንም አልጠራውም። ሴትዮዋ በሩን በአንድ እጇ አነሳች። ውሃው ቀስ እያለ መጣና መደቡን ሞላው። «ገባ! ገባላት!» እያለ ሰውየው እንደ ሕፃን ዘለለ። ስሙን ያነሳ አልነበረም፤ እንደዚያን ቀን ግን ተደስቶ አያውቅም።

አየሽ ልጄ፣ ቦዩ ያንቺ ፕሮግራም ነው። ሴትዮዋም አንቺ በሌለሽበት ቀን፣ ቸኩላና ጨንቋት የምትከፍተው ሰው ናት። ሰባት በር መሥራትማ አንቺም ትችያለሽ፤ ጎበዝ ነሽ፣ ማን ይክድሻል! ታላቁ ግን አምስቱን ለመድፈን ልብ ያገኘው ነው። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ?

በይ እንግዲህ፣ ትናንት «ከእኔ በቀር ማንም አይገባውም» እያልሽ በኩራት ያሳየሽኝን ሥራ ክፈቺና አካፋሽን አንሺ።