ስልክ ይዞ የሚያስበው ኢንጂነር

ጉለሌ ውስጥ የጋራ ነገር ይዞ የሚቆዝም ሰው ሲገጥም የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ከወፍጮ ቤት የወጣች ይመስለዋል። የወጣችው ግን ከወይዘሮ ትርንጎ ስልክ ነው።

ትርንጎ በዚያ ስልክ የተነሳ ለዓመታት ቂም ይዛ ኖራለች። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር፤ መሀል ከተማ ያለ አንድ ድርጅት ሰዓቱን ለብዙ ሰው ያከራያል፣ ተከራዩም ባለበት ሆኖ በስልክ መስመር ይሠራበታል። ድርጅቱ ለጉለሌ ደንበኞቹ ብሎ የትርንጎን የፊት ክፍል ከነስልኩ ተኮናተረና ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኝ የጽሕፈት መኪና የመሰለ ነገር አስገባ። የስልኩን እጀታ ጎኑ ካሉት ሁለት የጎማ ጽዋዎች ላይ ሲያስቀምጡት ያፏጫል፤ ከዚያ መኪናው መንጫጫት ይጀምራል።

ጫጫታውን ቻለችው። ያልቻለችው ዝምታውን ነው። የተማሩት ሰዎች መስመሩን ይዘው፣ አገጫቸውን ተደግፈው ያስባሉ። ለእሷ የሚደውል ሁሉ «ተይዟል» ይባላል። የወንድሟን መርዶ እንኳ የሰማችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አማችዋ ከደሴ ደወለ። ልጇ አስካለ ሆስፒታል ገብታለች፤ ምጡ ጠንቶባታል። ወዲያው ኢንጂነር ዳምጠው፣ ድልድይ የሚነድፈው፣ ሰዓቱ ደርሶ መጣና እጀታውን ጎማው ላይ አስቀመጠ። መኪናው ጥቂት ተንጫጫና ዝም አለ። ጎረቤቷ ባለወፍጮው ጋሽ ወርዶፋ አብረዋት ሊጠብቁ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ጨረስህ?» አለችው ትርንጎ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እያሰብኩ ነው።»

«ማሰቡ ስልክ ይፈልጋል?»

«መስመሩን ከለቀቅኩ ተራዬን ሌላ ይወስድብኛል።»

«እኔም ከደሴ የምጠብቀው ሰው አለኝ።»

«አንድ አፍታ» አለ፣ ቀና ብሎም ሳያያት።

ጋሽ ወርዶፋ ከበረንዳው፣ «ተዪው፣ ድልድዩ የወደቀ ዕለት በአንቺ ያሳብባል» አሉ።

ትርንጎ እጀታውን ከጎማው መንጭቃ ስልኩ ላይ መለሰችው። ፉጨቱ ቆመ። የዳምጠው ፊት ዐመድ መሰለ።

«ምን ጠፋብህ?»

ወረቀቱን አየ። «ምንም። ገና አልጻፍኩም ነበር።»

ይህን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። አማችዋ ነው፤ ሲደውል ሲደውል «ተይዟል» ሲሉት አርፍዷል። «እማማ፣ ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ትርንጎ ኢንጂነሩ የተነሳበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከደረቷ የወጣው ትንፋሽ በረንዳው ድረስ ተሰማ። ዳምጠውም አፍሮ፣ «እንኳን ማርያም ማረችልዎ» አለ።

እንባዋን ጠረገች፣ ወንበሩን አንስታ በረንዳው ላይ አወጣችው። «ከዛሬ ወዲያ የሚታሰበው እዚህ ነው። አስበህ፣ ጽፈህ ስትጨርስ ትገባለህ።»

ጋሽ ወርዶፋ እየሳቁ ፈቀቅ ብለው ለኢንጂነሩ ወንበር ቦታ ለቀቁለትና፣ «ልጄ፣ እህልህን ቤትህ ልቀም፤ ወፍጮው የሁሉም ነው» አሉት።