ሰማሁ ባዩ ጅብ እና የጃርት ኮሶ

ድሮ ነው፤ አውሬ ሲያመው ጎረቤቱን መድኃኒት በሚጠይቅበት ዘመን፣ ስሙን በረሳሁት አገር እሜቴ ጃርት የምትባል መድኃኒት ዐዋቂ ነበረች። ሥሩን ምሳ፣ ቅጠሉን ቀጥፋ፣ ልኩን ለክታ ትሰጣለች። ምን ያደርጋል፣ ተቀባዩ ሁሉ መድኃኒቱን እንጂ ቃሏን አይቀበልም። እሷንም የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ መጣ። ጥሬ ሥጋ ሲሰለቅጥ ኖሮ ኮሶ ታይቶታል።

«ከሦስት ቀን በኋላ የአንበሳ ልጅ ሠርግ ነው፤ አምስት ሰንጋ ይጣላል» አላት። «ይሄን ትል በሆዴ ይዤ እንዴት ልሂድ?»

ጃርት የኮሶ አበባ ወቅጣ ሦስት ቦታ ቋጠረችለት። «ነገ ማለዳ አንዷን ቋጠሮ ብቻ በባዶ ሆድህ ትጠጣለህ። ሌላዋን ከሁለት ወር በፊት እንዳትነካ።»

«ሰማሁ።»

«ከሌላ መድኃኒት ጋር አትደባልቅ።»

«ሰማሁ።»

«ሚስትህ እርጉዝ ናት፤ እንዳታስቀምሳት።»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ። ልጅ ነኝ እንዴ?»

በማግስቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «አንድ ቋጠሮማ ለጥንቸል ነው» አለና፣ መጀመሪያ ያደረ አጥንቱን ቆረጣጠመ። ቀጥሎ ሦስቱንም ቋጠሮ በጥብጦ፣ ቶሎ እንዲሠራ እንቆቆ ጨምሮበት ጭልጥ አደረገው። ሚስቱን ግን አላቀመሳትም፤ እሱም ሰምቶ ሳይሆን ተስገብግቦ ነው።

ፀሐይ ሳትሞቅ ዓይኑ ተጋረደ፤ ያስመልሰው ጀመር። ዘመዶቹ የጃርትን ጉድጓድ ከበቡ።

«መርዝ አጠጣሽው። ከሞተ ከነልጆችሽ እንደፍንሻለን» አሏት።

ጃርት እሾኋ ቆመ። «ወይ አበሳዬ፤ ስንቴ ልንገረው?» እያለች ወደ አያ ጅቦ ቤት ሄደች። ልጆቿን እያሰበች፣ እየተነጫነጨች፣ ውሃና ቀጭን አጥሚት በማንኪያ ስታጠጣው ሁለት ቀን ከጎኑ ዋለች፤ አደረች። በሦስተኛው ቀን ቀና ሲል በዘመዶቹ ፊት ጠየቀችው።

«ስንት ጠጣ አልኩህ?»

«አንድ።»

«ስንት ጠጣህ?»

አያ ጅቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሦስት። እንቆቆም ጨምሬበታለሁ።»

ዘመዶቹ አፈሩ። ኋላ ሠርግ አይቀርም ብለው ሚስቱን ይዘው ወደ ድግሱ ነጎዱ። የሰንጋው ሽታ እሱ የተኛበት ድረስ መጣ።

«እስከ ሰንበት ሥጋ የሚባል እንዳትቀምስ» አለችው ጃርት። «ሰማሁ» ሊላት ነው ብላ ገና ከአሁኑ ተናዳለች።

አያ ጅቦ ግን ምራቁን ዋጠና፣ «እሜቴ ጃርት፣ እስቲ ድገሚልኝ» አላት።

እኔ ግን አልደግምም፤ እናንተም ሰማን ብላችሁ እንዳትነሡብኝ። ልኩን ሳይሰማ ኮሶ የጠጣ፣ ከትሉ በፊት ነፍሱ ወጣ።