ችኩሌ ቁጭ አልልም አለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ ላሟ ራሷ ቆይታ ትመጣለች። መጀመሪያ የሚገባው ውሻው ነው፤ እሱ ማንንም ማስቀደም አይወድም።

በአንዲት ደጋማ ከተማ ስንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ጥጥ ፈትላ የምታድር፣ በእትዬ አሰገደች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ የምትኖር፣ ቁጣዋ ቶሎ የሚነድ ቶሎም የሚበርድ ሴት ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቦይ ውስጥ የሚያለቅስ ነገር ሰማች። ጎንበስ ብላ ብታይ ጭቃ የለበሰ ጎረምሳ ውሻ ነው፤ አንዱ ክፉ ሰው ጅራቱ ላይ ጣሳ አስሮበታል። ጣሳውን ፈታችለትና ዘንቢሏ ውስጥ ሽንኩርቱ ላይ አስቀመጠችው። ቤት ስትደርስ ዘንቢሉ ውስጥ ውሻው ነበረ፤ ሽንኩርቱ ግን በየመንገዱ ቀርቷል። ስሙንም ችኩሌ አለችው።

ችኩሌ ስሙን አላሳፈረም። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ካልሲ ይሰርቃል፣ የተሰጣ ነጠላ ይጎትታል። ሰው ሲያይ በፍቅር ደረቱ ላይ ይወጣል፤ ፍቅሩ ደግሞ ጭቃ አያጣውም። ስንቅነሽ ግን ወደደችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ሌላ ማን ነበረ?

ሁዳዴ ገብቶ፣ ጾሙ ተጋምሶ፣ የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዋዜማ ሆነ። እትዬ አሰገደች በረንዳቸው ላይ ቆመው ጠሯት።

«ስንቄ፣ ነገ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ነጭ ለብሶ ይመጣል። ይኼ ውሻሽ አንድ ሰው ላይ ከዘለለ ካመጣሽበት ትመልሺዋለሽ። እኔ በሰው ፊት አልዋረድም።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ስንቅነሽ። ያመጣችበት ግን ቦይ ነው።

እንግዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ውሻው ቁጭ እንዲልላት። ግቢ ለግቢ እያባረረች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ «ችኩሌ፣ ቁጭ በል! ቁጭ በል!» አለችው። ችኩሌ ጨዋታ መስሎት በደስታ ዞራት። ቁጭ አልልም አለ።

ውሻ ያለ ዱላ አይማርም ሲባል ሰምታ ነበርና ከበሩ ኋላ ወዳለው ዱላ ሄደች። «ዱላ ሆይ፣ ችኩሌን ምታልኝ፤ ችኩሌ ቁጭ አልልም አለ» አለችው።

ዱላውም፣ «አልመታም። ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ አላየሽም? የወንድሜ ሥራ ነው። የተመታ ውሻ ዱላ ሲያይ ይሸሻል እንጂ ቁጭ አይልም» አላት።

ተናደደች። ከሰል ምድጃው ላይ ወደሚነደው እሳት ሄደች። «እሳት ሆይ፣ ዱላውን አቃጥልልኝ፤ ዱላ ችኩሌን አልመታም አለ፤ ችኩሌ ቁጭ አልልም አለ!»

እሳቱም፣ «ሽሮሽን ጥደሽብኝ የምን ዱላ ነው የምታመጪብኝ? ደግሞስ ከዱላ ጋር ምን አጣላኝ? አላቃጥልም» አላት።

የባሰ ተናደደች። በርሜል ውስጥ ወዳለው ውኃ ሄደች። ችኩሌም የነጠላዋን ጫፍ ነክሶ ተከተላት። «ውኃ ሆይ፣ እሳቱን አጥፋልኝ፤ እሳት ዱላ አላቃጥልም አለ፤ ዱላ ችኩሌን አልመታም አለ፤ ችኩሌ ቁጭ አልልም አለ!»

ውኃውም፣ «ስንት ቀን ቧንቧ ሥር ተሰልፈሽ ያመጣሽኝን ፍም ላይ ልትደፊኝ ነው? ነገ የምትለብሺውን ነጠላ በምን ታጥቢዋለሽ? ይኸው ውሻሽ አጨቅይቶልሻል። አላጠፋም» አላት።

አሁንማ ነደደች። ጎረቤት በረት ውስጥ ወደታሰረችው ላም ሄደች። ይኸው፣ ትመጣለች አላልኳችሁም? «ላም ሆይ፣ ውኃውን ጠጪልኝ፤ ውኃ እሳት አላጠፋም አለ፤ እሳት ዱላ አላቃጥልም አለ፤ ዱላ ችኩሌን አልመታም አለ፤ ችኩሌ ቁጭ አልልም አለ!»

ላሟም እያመነዠከች፣ «ስንቅነሽ፣ ሁዳዴ እኮ ነው። ወተቴን የሚሻማኝ የለም፣ ጥጃዬ ጠግቦ ተኝቷል፣ እኔም ጠጥቼ ረክቻለሁ። በሰው ቂም ውኃ አልጠጣም» አላት።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ስንቅነሽ የምታደርገውን ሳታስብ እየሮጠች ወደ ሉካንዳው ወጣች። ችኩሌም እየሮጠ ተከተላት። ሉካንዳው ተዘግቷል፤ በመስኮቱ ግን ቢላዋው ይታያል። «ቢላዋ ሆይ፣ ላሟን እረድልኝ፤ ላም ውኃ አልጠጣም አለች፤ ውኃ እሳት አላጠፋም አለ፤ እሳት ዱላ አላቃጥልም አለ፤ ዱላ ችኩሌን አልመታም አለ፤ ችኩሌ ቁጭ አልልም አለ!»

ቢላዋው አዛጋ። «አንቺ ሴት፣ ቀኑ ጠፋብሽ? ከቅበላ ማግስት ጀምሮ በጨርቅ ተጠቅልዬ ተሰቅያለሁ። ለውሻ ብዬ ጾም አልሽርም። ለፋሲካ ተመለሺ።»

«ማኅበሩ እኮ ነገ ነው!»

«እንግዲያው ጾሙን ሄደሽ ለምኚው» አላትና መልሶ ተኛ። ጾምን ደግሞ ማን ለምኖት ያውቃል?

ስንቅነሽ መሄጃ አጣች። ቁጣዋ በረደ። ሉካንዳው ደጃፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «በቃ፣ ልታጣኝ ነው። እኔም ላጣህ ነው» አለችው፤ እንባዋም መጣ።

ችኩሌ አያት። ቀኑን ሙሉ ይቺ ሴት ስትሮጥ እሱም ሲሮጥ ነው የዋሉት። ቁጭ በል ስትለው ቆማ ነበር፤ ቁጭ በል ስትለው እያባረረችው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁን ግን ተቀምጣለች፣ ዝም ብላለች፣ እጇም ጭኗ ላይ ነው። አንዴ ዞራት፣ ጉልበቷን አሸተተና ቂጡን መሬት አስነክቶ ቁጭ አለ።

ስንቅነሽ አየችው። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ቁራሽ ዳቦ ፈታ ቆረስ አድርጋ አጎረሰችው። ተነሣች፤ ተነሣ። ተቀመጠች፤ ተቀመጠ። ደግሞ አጎረሰችው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ቤቷ በየደጃፉ እየተቀመጠች እየተነሣች ሄደች። አላፊ አግዳሚው የታመመች መስሎት «እግዜር ይማርሽ» ይላታል፤ እሷም «አሜን» እያለች ታልፋለች። ችኩሌ ቁጭ አለና ቢላዋው ጾሙን ሳይሽር ቀረ፤ ላሟ ሳትታረድ ቀረች፤ ውኃው ሳይጠጣ ቀረ፤ እሳቱ ሳይጠፋ ቀረ፤ ዱላው ሳይቃጠል ቀረ፤ የችኩሌም ጀርባ ሳይመታ ቀረ። ሽሮው ብቻ አርሮ ጠበቃት።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ነጭ በነጭ ሆነ። ስንቅነሽ በርጩማዋን ክፍሏ በር ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ችኩሌም እግሯ ሥር ተቀመጠ። ዛሬ ከዚህ አልነሣም ብላ ቆርጣለች። አንድ ነገር ግን ረስታለች።

የማኅበሩ አባት መምሬ ላቀው በበሩ ገቡ። ዳሱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ስንቅነሽም ከልጅነቷ የለመደችው ነውና ሳታስበው ብድግ አለች። ችኩሌም ብድግ አለ።

ጅራቱ ይወዛወዛል፤ የመምሬ ነጭ ጋቢ ደግሞ አንድ ዝላይ ብቻ ይርቃል። እትዬ አሰገደች የያዙትን ብርሌ ጨብጠው ቀሩ። ስንቅነሽ በዓይነ ሕሊናዋ ቦይውን አየች፤ ጣሳውን አየች።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ መምሬ።

ማኅበርተኛው ተቀመጠ። ስንቅነሽ ተቀመጠች። ችኩሌም ተቀመጠ።

ሌላ ሽማግሌ ገቡ፤ ሁሉም ተነሣ፣ ችኩሌም ተነሣ፤ ሁሉም ተቀመጠ፣ ችኩሌም ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት ገቡ፤ እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ መምሬ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዳሱ በሙሉ ሳቀ።

እትዬ አሰገደች ብርሌውን አስቀምጠው መጡ። ውሻውን ትክ ብለው አዩት።

«ስንቄ፣ ያ ማዶ ያለው ተከራዬ እኔ ስገባ ተነሥቶልኝ አያውቅም። ይኼኛው ይነሣል። እዚሁ ይሁን። የፋሲካውንም አጥንት የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች ስንቅነሽ፤ ይህን ጊዜ ያለቀሰችው ግን በደስታ ነው።

ተረቴን መልሱ። ዳቦውን ለኔ አፍ ሳይሆን ለችኩሌ ስጡት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን እናንተው ቁጭ በሉ።