ተቀቅሎ የተበላው ምክር

ልጆች፣ ይህን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጺሜ ይላጭ፣ አታምኑኝም! ቢሆንም ጆሯችሁን ወዲህ በሉት።

ድሮ ድሮ፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። ድርቁ ከመክፋቱ የተነሣ እንቁራሪት ዋና ረሳች፤ ዓሣ በእግሩ ገበያ ወጣ። በዚያ ዘመን አንለይ የሚባል ሸክላ ሠሪ ከሚስቱ ከእናና ጋር ይኖር ነበር። የቀራቸው ማገዶ አንድ ጊዜ ብቻ ሸክላ የሚተኩስ ነው። የሠሩት ካልተሸጠ አህያቸው ዳማ መሸጧ ነው። አንለይ ደግሞ ዳማን ይወዳታል። ስታነጥስ «ይማርሽ» ይላታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ትልቁ እንስራ ወይስ ትንሹ ገንቦ?

አንለይ ሞራ ገላጭ ዘንድ ሄደ። «ውሃ ሲጠፋ ሰው ውሃ ያጠራቅማል። እንስራ!» አለው።

እናና «ቅሎቼን ሳንጠይቅ?» አለች።

ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደ። «እንስራ!» አለው።

እናና «ቅሎቼን ሳንጠይቅ?» አለች።

ጎረቤቱ ሸክላ ሠሪው ባንትይርጉ ዘንድ ሄደ። «እኔ እንስራዬን ጀምሬያለሁ። አንተ እዚህም እዚያም ስትዞር ገበያው ያልፍሃል!» አለው።

እናና አሁንም «ቅሎቼን ሳንጠይቅ?» አለች።

«አንቺ፣ ቅል ደግሞ ምን ያውቃል?»

«ዝናቡ ከቀረ ወዲህ እንስራ በሸጥን ቁጥር ባንዱ ቅል ባቄላ፣ ገንቦ በሸጥን ቁጥር በሌላው ሽምብራ ስጥል ከርሜያለሁ። ሰው ይረሳል፤ ቅል አይረሳም።»

ቅሎቹን ካንጠለጠለችበት አወረደቻቸው። ባዶ!

አንለይ ዳማን አየ። ዳማም አንለይን አየች።

«እናናዬ… እናትሽን ልትጠይቂ የሄድሽ ለት ራበኝ። ንፍሮ አደረግሁት።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ዳማን ከምትሸጪ እኔን ሽጪኝ።»

እናና ፊቱን አየች። ሊያለቅስ ነው። ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«አንተን ማን ይገዛኛል? ይልቅ ንገረኝ፤ ባቄላው እንዴት ነበር?»

«እሱማ ጥርሴ ሥር አልደረሰ። ጭብጥም አይሞላ።»

«ሽምብራውስ?»

«እሱን ተይው! ብበላ ብበላ አላልቅ ቢለኝ ለዳማ አካፈልኳት። ሆዳችን ተነፍቶ እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ ስናጓራ ዋልን። ሰፈርተኛው ነጎድጓድ መስሎት፣ ዝናብ መጣ ብሎ የተሰጣ እህሉን አስገባ!»

እናና ሳቀች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ገንቦ ነው የኔ ጌታ! አየህ፣ ምንጩ ርቋል። እንስራ አዝላ ያን ሁሉ ዳገት የምትወጣ ማን አለች?»

ያላቸውን ማገዶ አነደዱ። ገንቦ ብቻ ተኮሱ። በገበያው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ገንቦው አለቀ። ባንትይርጉ እንስራውን እንደጫነ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም ዶሮዎቹ ያድሩበታል ይባላል። ዳማ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ቆመች። አንለይ አንገቷን አቅፎ ጆሮዋን ሳማት።

እናና ለየገንቦው አንድ አንድ ሽምብራ ቅሏ ውስጥ እየጣለች «ትናንትን ያልሰፈረ፣ ነገን ሲገምት ከሰረ» አለች።

ገበያተኛው አንለይን ከበበው። «ወንድሜ፣ ገንቦ እንደሚያዋጣ የነገረህ አዋቂ ማነው? እኛንም ውሰደን!»

አንለይ ጉሮሮውን ጠራረገ። ደረቱን ነፋ። «አዋቂውማ…» ሊል ሲል፣ ገበያ የወጡት አማቱ እማማ ጠጂቱ ከኋላ ሳቃቸውን ለቀው ጮኹ፦

«የምን አዋቂ! ልጄ ሰፈረች፣ እሱ በላ፣ ሆዱ መሰከረ!»