የኮሌጆች ሊግ ምርቃት

የአንድ የኮሌጆች ሊግ ሊቀመንበር የነበሩት ዶክተር ልዑልሰገድ ሊጉ ከቴሌቪዥን ስርጭት የሚያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ለራሳቸው ኮሌጅ ያደርጉት ነበር። በዚያ ገንዘብ ጎበዝ ጎበዙን ተጫዋች ይለቅማሉ። የሊጉ አባል የሆነችው ትንሿ የቆላ ኮሌጅ ታዲያ በእግር ኳሱም በቅርጫት ኳሱም ስትሸነፍ ከረመች።

የዓመቱ ስብሰባ በዚያችው ኮሌጅ ሲደረግ ሊቀመንበሩ፣ "ገንዘብ ምንም አይደለም፣ ዋናው ወኔ ነው! ወኔ ያጣ ኮሌጅ ከሊጉ ይውጣ!" ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ በር ላይ ወደቆሙት የኮሌጇ ሽማግሌ ዘበኛ ዞረው፣ "በሉ አባባ፣ የጸሎት ሰው ነዎት አሉ፤ መርቀው ይሸኙን" አሏቸው።

ሽማግሌው የኮሌጃቸው ነገር አንጀታቸውን ቢበላቸውም ፈጣሪን አመስግነው ተነሡ። ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ።

"ጤና ይስጣችሁ!"

"አሜን!"

"ዕድሜ ይስጣችሁ!"

"አሜን!"

""ምንም አይደለም" ያሉትን የዶክተርን የገንዘብ ድርሻ ለእኛ፣ የእኛን ለዶክተር ያድርግልን!"

"አሜን!" አሉ ሊቀመንበሩ እንደ ልማዳቸው፣ ከሁሉም ጮክ ብለው። ወዲያው ደንግጠው፣ "ቆይ፣ ቆይ አባባ! እንዲህማ ማለቴ አልነበረም!" አሉ።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ "አሜን ያሉት ለፈጣሪ ሳይሆን ለእኔ ቢሆን ኖሮ ጌታዬ፣ እተውልዎት ነበር" አሏቸው።